ማርቲን ክላፕሮት፦ የሰውን ለሰው የሰጠ ሳይንቲስት

(ከ7ኛ ሀ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል)

እነሆ ይህ የእጅ ጽሑፍ መጽሔታችን እንደገና እናንተ ዘንድ ደርሷል። እኔም ዛሬ የአንድ ትልቅ ሳይንቲስት ታሪክ ይዤ ቀርቤያለሁ። ታሪኩ ሲያልቅ ደግሞ አንድ እርማት አለኝና እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ባለፈው እትም ይህን ያውቃሉ በሚለው ዓምድ ስለ ጥቁር አሸዋ የሚል ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። የምትረሱት አይመስለኝም፣ በሰልፍ ሰዓት በማይክ ተነቧል። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ለአዲሱ ክፍል ግንባታ የተራገፈው አሸዋ ውስጥ ሲጎተት፣ ጥቁር ጥቁር ቅንጣት እንደ ጺም ይበቅልበታል የሚለው ነው። ከጽሑፉ ሥር የነበረው ስም የኔ ነው። ተጨብጭቦልኝ ባለ 50 ሉክ ደብተር ተሸልሜያለሁ።

በማግሥቱ የሳይንስ መምህራችን በእረፍት ሰዓት ጠሩኝ። ጽሑፉን እንደወደዱት ነገሩኝና በቁራጭ ወረቀት ላይ የአንድ ሰው ስም ጻፉልኝ። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ይህን ሰው እንዳነብና ለሚቀጥለው እትም ታሪኩን እንድጽፍ አዘዙኝ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ማርቲን ሃይንሪሽ ክላፕሮት የሚል ነበር። እውነቱን ለመናገር ስሙን ሰምቼው አላውቅም። በሦስት ቀን ውስጥ ግን በደንብ ተዋወቅን።

ልጅነቱ

ክላፕሮት የተወለደው በጀርመን አገር ቬርኒገሮደ በምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1743 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ ልብስ ሰፊ ነበር። ክላፕሮት ገና ስምንት ዓመት ሳይሞላው፣ በ1751፣ ከተማው ላይ እሳት ተነሣና ቤታቸው ተቃጠለ። ቤተሰቡም ደኸየ። ልጁ ግን ትምህርቱን አላቋረጠም፤ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ እየዘመረ የትምህርት ቤት ወጪውን ይችል ነበር። ይህን ሳነብ ጠዋት ጠዋት ሱቅ እየሠሩ ከሰዓት የሚማሩ የክፍላችን ልጆች ትዝ አሉኝ። ሳይንቲስት ማለት የሀብታም ልጅ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ትምህርት ቤቱን ተወና በ1759 ክቬድሊንቡርግ በምትባል ከተማ መድኃኒት ቤት ገብቶ የእጅ ሥራ ተማሪ ሆነ። የዚያን ጊዜ መድኃኒት ቤት የዛሬውን እንዳይመስላችሁ። በካርቶን ታሽጎ የሚመጣ ክኒን የለም። ቅጠሉን መቀጥቀጥ፣ ሥሩን መቀቀል፣ ድንጋዩን መፍጨት፣ ዱቄቱን መመዘን የባለ መድኃኒት ቤቱ ሥራ ነው። ክላፕሮትም እየቀጠቀጠ፣ እየወቀጠ፣ እየመዘነ አደገ። የኬሚስትሪ መጻሕፍትን እንደ ልብ ማንበብ የጀመረው ዕድሜው ከሃያ ካለፈ በኋላ፣ ሀኖቨር ከተማ ሄዶ ሲሠራ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አልተማረም። አስተማሪዎቹ ሚዛኑና መጻሕፍቱ ነበሩ።

አደራ

ከዚያ ወደ በርሊን፣ ከበርሊን ወደ ዳንሲግ፣ ተመልሶ ደግሞ በ1771 ወደ በርሊን ሄደ። በርሊን ውስጥ ቫለንቲን ሮዘ የሚባል የታወቀ መድኃኒት ቀማሚ ቀጠረው። ብዙም ሳይቆይ ሮዘ ሞተ፤ ትናንሽ ልጆችም ነበሩት። ክላፕሮት ያን ጊዜ የ27 ዓመት ወጣት ነው። የሰው መድኃኒት ቤት በእጁ፣ የሰው ልጆች በእጁ ሆኑ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። አደራ በላ የሚባል ሰው ስንት አለ! ክላፕሮት ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መድኃኒት ቤቱን ለሟቹ ቤተሰብ እያስተዳደረ ቆየ፤ ልጆቹንም አሳደገ። በአባቱ ስም ቫለንቲን ሮዘ የሚባለው ልጅ በኋላ እሱም የታወቀ ኬሚስት ሆኗል። ክላፕሮት የራሱን መድኃኒት ቤት የገዛው በ1780 ነው፤ ትዳር የያዘውም በዚያው ዓመት ነው። ከራሱ ልጆች አንዱ ዩሊየስ ክላፕሮት የእስያን ቋንቋዎች በማጥናት ስሙ የታወቀ ምሁር ሆኗል።

ሚዛኑ

ክላፕሮት ከመድኃኒቱ ሥራ ጎን ለጎን ድንጋይ ይመረምር ነበር። አንድ ድንጋይ ከምን ከምን እንደተሠራ ለማወቅ ይፈጨዋል፣ በአሲድ ያሟሟዋል፣ ያቃጥለዋል፣ የወጣውን አንድ በአንድ ይመዝነዋል። ይህ ሥራው ሲታወቅ በ1788 የበርሊን የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ።

አንድ ጠባዩን ልንገራችሁ። ለምሳሌ 100 ግራም ድንጋይ ስትመረምሩ ከውስጡ የወጡት ነገሮች ተደምረው 100 ግራም መምጣት አለባቸው አይደል? በሥራ ላይ ግን ትንሽ ይፈስሳል፣ ትንሽ ይተናል፣ ድምሩ ምናልባት 97 ይመጣል። በዚያ ዘመን ብዙ ኬሚስቶች ቁጥሩን አስተካክለው 100 ያደርጉት ነበር። እኛም እኮ የሒሳብ መልስ ከመጽሐፉ ጀርባ አይተን መሃሉን የምናስተካክልበት ጊዜ አለ፣ እንዳትክዱ! ክላፕሮት ግን ያገኘውን ቁጥር እንዳለ ይጽፋል፤ ከጎደለ ጎደለ ይላል። ድንጋዩን የሚፈጭበት ሙቀጫ ራሱ ተፍቆ ዱቄቱ ውስጥ እንዳይገባበት እንኳ ያስብበት ነበር። የጎደለውን ሳይደብቅ መጻፉ ጥቅም አለው፤ ምክንያቱም የጎደለው ነገር አንዳንዴ ገና ያልታወቀ አዲስ ንጥረ ነገር ሊሆን ይችላል።

በ1789 ከጥቁርና ከባድ ድንጋይ ውስጥ አዲስ ንጥረ ነገር አገኘና ዩራኒየም አለው። ስሙን የወሰደው ከጥቂት ዓመት በፊት በ1781 ከተገኘችው ዩራነስ ከምትባለው ፕላኔት ነው። በዚያው ዓመት ከሲሎን፣ ማለትም ከዛሬዋ ስሪላንካ፣ ከመጣ የከበረ ድንጋይ ውስጥ ዚርኮኒየምን አገኘ። ክላፕሮትም ቢሆን ይሳሳት ነበር። ንጹሕ ዩራኒየም አገኘሁ ያለው ከኦክስጅን ጋር የተዋሐደ ዩራኒየም መሆኑ የታወቀው እሱ ከሞተ በኋላ ነው፤ ንጹሑን የለየው በ1841 ፔሊጎ የሚባል ፈረንሳዊ ነው።

ታይታኒየም እንዴት ስም አገኘ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ1795 ክላፕሮት ከያኔዋ ሀንጋሪ የመጣ ቀላ ያለ ድንጋይ መረመረ። ዛሬ ይህ ማዕድን ሩታይል ይባላል። ከውስጡ ከሚያውቃቸው ሁሉ የማይገጥም ነገር አገኘ። በእጁ የነበረው ዱቄት እንጂ ብረት አይደለም፤ ንጥረ ነገሩ ከኦክስጅን ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ ብሎት ነበር። ጠንካራ ይሁን ለስላሳ፣ ያብረቅርቅ አያብረቅርቅ ሊያውቅ አልቻለም።

ታዲያ ምን ብሎ ስም ያውጣለት? ክላፕሮት ስለማያውቀው ጠባይ የሚናገር ስም ከማውጣት ምንም የማይናገር ስም ይሻላል ብሎ አሰበ። ዩራኒየምን ከሰማይ እንዳገኘለት፣ ለዚህኛው ደግሞ በጥንት ግሪኮች ተረት የምድር ልጆች የሆኑትን ግዙፎቹን ታይታኖች አስታወሰና ታይታኒየም አለው። ብርታቱን አይቶ አልነበረም። የሚገርመው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ብረቱ ተለይቶ ሲወጣ በእርግጥም እንደ ግዙፎቹ ብርቱ ሆኖ ተገኘ። ስሙ ቀድሞት ጠበቀው ማለት ይቻላል።

እስከዚህ ድረስ ደስ እያለኝ ነበር የማነበው። ከዚህ በኋላ ያለውን ስደርስ ግን መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ቆየሁ።

ጥቁሩ አሸዋ

ክላፕሮት ታይታኒየም ብሎ ስም ከማውጣቱ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1791፣ በእንግሊዝ አገር ኮርንዎል በሚባል ክፍል ዊልያም ግሬጎር የሚባል ቄስ ነበር። ቄሱ ማዕድን መመርመር ይወዳል። ማናካን በምትባል መንደር አጠገብ በሸለቆ ውስጥ ጥቁር አሸዋ አገኘ። ማግኔት ሲያስጠጋው አሸዋው ይሳባል!

አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። ማግኔትና ጥቁር አሸዋ።

ግሬጎር አሸዋውን መርምሮ ብረት እንዳለበት አወቀ። ግን ከብረቱ ሌላ ብዙ የተረፈ ነገር ነበር፤ ያም ከሚታወቁት ንጥረ ነገሮች ከአንዱም ጋር አልገጥም አለው። አዲስ ነገር ሳይሆን እንደማይቀር ጽፎ አሳተመ፣ በመንደሯም ስም ሜናካናይት ብሎ ጠራው። ግን የገጠር ቄስ ነው። ጽሑፉ ወጣ፣ ያን ያህል ሰው ልብ ሳይለው ቀረ።

ክላፕሮት ደግሞ የበርሊን አካዳሚ ታላቅ ሰው ነው። ታይታኒየምን ያገኘው የግሬጎርን ሥራ ሰርቆ አይደለም፤ በራሱ ድንጋይ፣ በራሱ ሚዛን፣ በራሱ ድካም ነው። በኋላ ግን የእንግሊዙን ጥቁር አሸዋ አስመጥቶ በ1797 መረመረው። ውጤቱ ሲወጣ አሸዋው ውስጥ ያለው እንግዳ ነገርና የእሱ ታይታኒየም አንድ ሆነው ተገኙ።

እንግዲህ ምን ማድረግ ይችል ነበር? ዝም ማለት ይችል ነበር። ማን ይጠይቀዋል? ክላፕሮት ግን ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ራሱ አሳወቀ፤ የግሬጎርንም ቀዳሚነት ተቀበለ። ስለዚህ እስከ ዛሬ በመጻሕፍት ላይ የታይታኒየም አግኚ ተብሎ የሚጻፈው የገጠሩ ቄስ ግሬጎር ነው። ክላፕሮት ስም አውጪው ተብሎ ይጻፋል።

አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። በ1798 ቴሉሪየም የሚባለውን ንጥረ ነገር ለአካዳሚው ሲያስተዋውቅና ስም ሲያወጣለት፣ ቀድሞ ያገኘው ሙለር ፎን ራይሸንሽታይን የሚባል የማዕድን ባለሙያ መሆኑን በግልጽ ተናግሯል። ሙለር ነገሩን ያገኘው ከ16 ዓመት በፊት ነበር፤ ናሙናውንም ለክላፕሮት የላከለት እሱ ነው። ናሙናው በእጁ፣ ዝናው በእጁ ሆኖ ሳለ የሰውን ለሰው ሰጠ።

ታይታኒየም ምን ዓይነት ነገር ነው?

ክላፕሮት ሊያየው ያልታደለውን ብረት እኛ ዛሬ እናውቀዋለን። ያነበብኩትን ባጭሩ ላስቀምጥ።

1. ቀላል ነው። አንድ ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ይመዝናል። በዚያው በአንድ ሊትር መጠን የተሠራ ብረት 7.9 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ታይታኒየም ግን 4.5 ኪሎ ብቻ ነው። አሉሚኒየም ደግሞ 2.7 ኪሎ ነው። ስለዚህ ታይታኒየም በብረትና በአሉሚኒየም መካከል ነው።

2. ጠንካራ ነው። ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ጋር ሲቀላቀል ከብዙ ዓይነት የብረት ሥራ ጋር የሚወዳደር ጥንካሬ አለው፤ ክብደቱ ግን ወደ ግማሽ ይጠጋል።

3. ሙቀት ይችላል። አሉሚኒየም በ660፣ ብረት በ1538፣ ታይታኒየም በ1668 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል።

4. አይዝግም። ታይታኒየም አየር ሲነካው ላዩ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ያበጃል። ሽፋኑ ከኦክስጅን ጋር የተዋሐደው ራሱ ታይታኒየም ነው። ቢጫር እንኳ ወዲያው መልሶ ይሸፈናል። የባሕር ጨው ውኃ እንኳ በቀላሉ አይበላውም።

5. በተራ ማግኔት አይሳብም። ታዲያ የግሬጎር አሸዋ ለምን ተሳበ? አሸዋው ውስጥ ታይታኒየሙ ከብረት ጋር ተዋሕዶ ስለነበረ ነው።

ታይታኒየም ብርቅ አይደለም። በምድር ቅርፊት ውስጥ በብዛት ከሚገኙት ንጥረ ነገሮች ዘጠነኛው ነው። በአገራችንም በወለጋ ጊምቢ አካባቢ ቢቂላል በተባለ ቦታ ብረትና ታይታኒየምን የያዘ ማዕድን እንዳለ በጥናት ታውቋል። ታዲያ ለምን ውድ ሆነ? ከኦክስጅን ማላቀቁ ከባድ ስለሆነ ነው። ታይታኒየም ሲግል ኦክስጅንንም ናይትሮጅንንም ይስባል፣ ከዚያ ተሰባሪ ይሆናል። ንጹሑን ብረት በ1910 ያወጣው ማቲው ሃንተር የሚባል ሰው ነው። በብዛት ለማምረት የሚቻልበትን መንገድ ያገኘው ደግሞ የሉክሰምበርጉ ተወላጅ ዊልያም ክሮል ነው። ታይታኒየሙ መጀመሪያ ከክሎሪን ጋር ይዋሐዳል፣ ከዚያ አየር በማይገባበት ዕቃ ውስጥ ማግኒዚየም ክሎሪኑን ይነጥቀዋል፣ ታይታኒየሙ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። በዚህ መንገድ ለገበያ መመረት የጀመረው በ1948 ነው። ክላፕሮት ስም ካወጣለት ከ153 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

የት የት እናገኘዋለን?

አውሮፕላን ላይ። ቀላልና ጠንካራ ስለሆነ፣ ሙቀትም ስለሚችል ለአውሮፕላን ሞተርና አካል ይፈለጋል። ቦይንግ 787 ድሪምላይነር ከክብደቱ 15 ከመቶ ያህሉ ታይታኒየም ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይህን አውሮፕላን በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበ ነው። ድሪምላይነር ከላያችን ሲያልፍ ከክላፕሮት ዱቄት የመጣው ብረትም አብሮ ያልፋል።

ሰው አካል ውስጥ። የሰው ሰውነት ታይታኒየምን አይጠላውም፣ በውስጣችን ባለው ጨዋማ ፈሳሽም አይዝግም። ብራነማርክ የሚባል የስዊድን ሐኪም በ1952 በጥንቸል እግር ላይ ጥናት ሲያደርግ አጥንትና ታይታኒየም እንደተጣበቁ አስተዋለ። በ1965 ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ጥርስ መትከያ ተጠቀመበት። ዛሬ ለተሰበረ አጥንት ማሰሪያ፣ ለዳሌ መገጣጠሚያ፣ ለጥርስ መትከያ ያገለግላል።

ፋብሪካ ውስጥ። ኬሚካል የሚያልፍባቸው ቧንቧዎችና ጋኖች፣ የባሕር ውኃ የሚያጣሩ መሣሪያዎች ከታይታኒየም ይሠራሉ። ቀላልና የማይዝግ የመነጽር ፍሬምም ከእሱ ይሠራል።

ከሁሉ የሚበዛው ግን ይህ ነው፤ ከመሬት ከሚወጣው የታይታኒየም ማዕድን አብዛኛው ብረት አይሆንም። ነጭ ዱቄት ሆኖ ቀለም ይሆናል! ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ይባላል። የግድግዳ ነጭ ቀለም ውስጥ፣ ነጭ ፕላስቲክ ውስጥ፣ በብዙ የጥርስ ሳሙና ውስጥ፣ በአንዳንድ ወረቀት ውስጥ አለ። ስንሳሳት እስክሪፕቶ የምንሸፍንበት፣ እኛ ፍሉድ የምንለው ነጭ ፈሳሽም ንጣቱን የሚያገኘው ከእሱ ነው። ስለ ፍሉዱ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

የመጨረሻ ዘመኑ

የልብስ ሰፊው ልጅ በ1810 የበርሊን ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት የመጀመሪያው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆነ። ተማሪ ሆኖ ያልገባበት በር አስተማሪ አድርጎ አስገባው። ሲያስተምርና ሲመረምር ቆይቶ በ73 ዓመቱ ጥር 1 ቀን 1817 በርሊን ውስጥ አረፈ። ቄስ ግሬጎርም የሞተው በዚያው በ1817 ነው። ሁለቱም ታይታኒየምን እንደ ብረት ሲያብረቀርቅ ሳያዩት አለፉ።

እርማት

አሁን እርማቴን ልናገር። ጥቁሩን አሸዋ ያገኘሁት እኔ አይደለሁም። የክፍሌ ልጅ፣ ጓደኛዬ ነው። አባቱ ቴፕና ሬዲዮ ይጠግናሉ፤ ማግኔቱን ከተጣለ ስፒከር ያወጣው እሱ ነው። አሸዋው ውስጥ መጎተትን ያሰበው እሱ ነው። ቅንጣቱን በወረቀት ላይ አድርጎ ማግኔቱን ከሥር እያንቀሳቀሰ እንደ ጉንዳን ያስኬደውም እሱ ነው። እኔ የተጠራሁት የእጅ ጽሑፌ ያምራል ስለሚባል እንድጽፍለት ነበር። ጻፍኩ። ከሥር ግን የራሴን ስም ጻፍኩ።

ሲጨበጨብልኝ ከሰልፉ ውስጥ ሁለት ተማሪ አልፎ ቆሞ ነበር። አላጨበጨበም፣ አልተናገረም። በማግሥቱ ግን ዴስክ ቀየረ። እኔም የጻፍኩት እኔ ነኝ እያልኩ ራሴን ሳጽናና ሰነበትኩ። ክላፕሮት እኮ ከኔ የበለጠ ምክንያት ነበረው፤ በራሱ ድካም ነው ያገኘው፣ ስሙንም ያወጣው እሱ ነው። እሱ እንኳ ቀዳሚውን ከተቀበለ እኔ ምን ይዤ ዝም እላለሁ? የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው ለኔ ነው።

ሰኞ ዕለት ለመምህራችን ሄጄ ተናገርኩ። አልተቆጡኝም። የክላፕሮትን ስም የሰጡኝ አውቀው ይሁን ሳያውቁ እስካሁን አልገባኝም፣ ለመጠየቅም አልደፈርኩም። ያለን አሸዋ በአብዛኛው ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን ሳይሆን እንደማይቀር፣ ሳይመረመር ግን ታይታኒየም አለበት ብለን መጻፍ እንደማይገባን ነግረውኛል።

የተሸለምኩትን ደብተር አልጻፍኩበትም ነበር፤ ለጓደኛዬ ሰጠሁት። ይቅርታም ጠየቅኩት። ደብተሩን ተቀበለኝ። ወደ ዴስካችን ግን ገና አልተመለሰም፤ አልፈርድበትም። ከዚያ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ በኃላፊዋ ፈቃድ ያለፈውን እትም አወጣሁና ከጽሑፉ ሥር ያለውን ስሜን በፍሉድ ሸፈንኩት። ነጩ ሲደርቅ በጣቴ ነካሁት። ይህ ንጣት ክላፕሮት ስም ያወጣለት፣ ግሬጎር ከጥቁር አሸዋ ያገኘው ነገር ነው።

በላዩ ላይ የሱን ስም እኔ አልጽፍም። በዚህኛው እትምም ከታች ባዶ ቦታ ትቼለታለሁ። ሲፈልግ በራሱ እስክሪፕቶ፣ በራሱ እጅ ይጽፈዋል። እናንተም ቦታውን እስከዚያ ድረስ ባዶ ብታዩት የተረሳ አይምሰላችሁ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።

ጥቁሩን አሸዋ ያገኘው ተማሪ፦ ……………………………